የአባቴ ግጥሚያዎችና የሰፈሩ ጸጉር

አባቴ ጸጉር አስተካካይ ነው። ይህን የምላችሁ እኔ ነኝ እንጂ እሱን ብትጠይቁት ስለ ሙያው ከማውራቱ በፊት የሬስሊንግ ነገር ያነሣባችኋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤታችሁ የምትሄዱበትን ምክንያት ፈልጉ። ዓለም ከተፈጠረች ከተደረጉት ግጥሚያዎች ሁሉ የሚበልጡት አምስት ናቸው ባይ ነው። አምስቱም በዲስክ አሉት። ሌላው ሁሉ የልጆች መላፋት ነው ይላል።

እኔ ከኮምፖንሳቶው ማዶ የሴቶች ጸጉር እሠራለሁ። ቤቱ አንድ ነው፤ መሐሉን ከፍለነዋል። በእሱ በኩል ወንበሩና ትልቁ መስታወት፣ ከመስታወቱ በላይ ቴሌቪዥኑ አለ፤ በእኔ በኩል ካስኩና የጸጉር መታጠቢያው። ኮምፖንሳቶ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም። ስለዚህ እነዚያን ግጥሚያዎች ሳላያቸው ስሰማቸው ኖርኩ። እኔ ደንበኛዬን "ውሃው አልሞቀሽም?" ስላት ከወዲያ በኩል "ያዘው፣ አንገቱን ያዘው" ይላል አባቴ። ስንቷ ሴት ደንግጣ ከነሳሙናዋ ተነሥታብኛለች። ብናገረው፣ ብናገረው፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ማየቱስ ባልከፋ። ሰውዬው ጸጉር የሚቆርጠው በግጥሚያ ነው። ለእያንዳንዱ ራስ የራሱ ግጥሚያ አለው። ጺሙን ብቻ የሚላጭ ሰው ባለ ጭምብሎቹ ይከፈቱለታል፤ አጭር ናት፣ አረፋው ሳይደርቅ ታልቃለች። ጸጉርና ጺም አንድ ላይ ከሆነ በብረት አጥር ተዘግቶባቸው የሚቧቀሱት ናቸው። ለሕፃናት የመሰላሉ ግጥሚያ ነው፤ ወደ ላይ ስለሚወጡ ልጁም ቀና ብሎ ያያል፣ አንገቱም ይስተካከላል። ሙሉ ቁርጥ የሚፈልግ ደግሞ "ግንቡና አንበጣው"ን ያያል። ግንቡ በበር የማይገባ ግዙፍ ነው፣ አንበጣው ከገመድ ገመድ የሚዘል ቀጫጫ። አንበጣው ገመዱ ላይ ሲወጣ አባቴ መሐል አናት ላይ ይደርሳል፤ ዳኛው መሬቱን ሲደበድብ አንገት ያራግፋል። ግጥሚያው ሲያልቅ ጸጉሩም ያልቃል። "ቸኩያለሁ" ያለ ሰው መልሱ ያው ነው፦ "እንግዲያው ጺምህን ተላጭና ሂድ።"

አምስተኛውን ለደንበኛ አይከፍተውም። ማታ ሱቁን ሊዘጋ ሲል፣ የወደቀውን ጸጉር እየጠረገ፣ ለብቻው ነው የሚያየው። "የሽማግሌው መሰናበቻ" ይለዋል። አንድ ያረጀ ታጋይ በመጨረሻ ግጥሚያው ራሱ ባሠለጠነው ጎረምሳ ይሸነፋል፤ ይኸው ነው ነገሩ። አባቴ መጥረጊያውን ተደግፎ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

"አባዬ፣ ውሸት እኮ ነው። ቀድመው ተነጋግረው ነው" እለዋለሁ።

"ተነጋግረውማ ነው" ይለኛል፤ አይክድም፣ ይኼ ነው የሚያበሳጨኝ። "ዳኛዬ" ነው የሚለኝ፣ በየመሐሉ ስለምገባበት። "ዳኛዬ፣ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የሚወድቀው ነው። የሚወድቀው ካልዘለለለት ማን ማንን ያነሣል? አሸናፊውንማ ሁሉም ያያል። አንቺ ተሸናፊውን እዪ። ከሽማግሌው የተሻለ ወዳቂ አይቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።"

እኔ ደግሞ መብራቱን አጥፍቼ ቁልፉን እያቃጨልኩ በር ላይ እቆማለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውያለሁ፣ እግሬ አብጧል፣ እሱ ስለ አወዳደቅ ያስተምረኛል።

እንግዲህ የሰፈሩ ወንዶች ራስ መበላሸት የጀመረው መቼ እንደሆነ እኔም አላስተዋልኩም። አንዱ ጆሮ ጋ ወርዶ ሌላው ጆሮ ጋ የወጣ፣ ማጅራቱ ላይ ቁጥቋጦ የቀረበት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር አያለሁ። ዘመኑ ያመጣው ቁርጥ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ዘመኑ የማያመጣው የለም። አባቴም አምፖሉ ደከመ ብሎ ለወጠ፣ የለወጠውም ደከመ አለ። እናቴ ቤት ውስጥ ሻዩ ውስጥ ጨው መጨመሩን ነገረችኝ። "መነጽር ግዛ" ስንለው "መነጽር የሽማግሌ ነው" አለን፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው።

አንድ ሰኞ የሱ መሳቢያ አቧራ ልቤን አውልቆት ዲስኮቹን አውጥቼ ወልውዬ እንደመጣልኝ ደረደርኳቸው፤ የመጨረሻውን ብቻ በቦታው መለስኩት። ማክሰኞ ጠዋት ጫማ ሠሪው ለሙሉ ቁርጥ መጡ። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ሱቃቸው ከኛ ቀጥሎ ነው። እኔ በእኔ በኩል የአንዲት ሴት ጸጉር እያጠብኩ ነው። አባቴ እንደ ልማዱ "ግንቡና አንበጣው ለጓደኛዬ" ብሎ ዲስኩን ከተተ።

ትንሽ ቆይቶ ብረት ሲንኳኳ ሰማሁ። ሰው ብረት ላይ ሲወረወር፣ ሕዝቡ ሲጮህ፣ እንደገና ብረት። የአጥሩ ግጥሚያ ነው። አባቴ ግን "አሁን አንበጣው ገመዱን ያዘ፣ እየው፣ እየው አወጣጡን" እያለ ነው። በአንበጣው ግጥሚያ ውስጥ ብረት የሚባል ነገር የለም። ይህን ደግሞ እኔ በግዴ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ አልሳሳትም። መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። ብረቱ ሲንኳኳ፣ እሱ ስለ ገመድ ማውራቱን አላቆመም። ሴትዮዋን ከነአረፋዋ ትቼ ወጣሁ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ሰዎች በብረት አጥር ውስጥ ይደባደባሉ። አባቴ ምላጭ ይዞ የጫማ ሠሪውን ማጅራት እየላጨ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀና እያለ፣ የሌለ ግጥሚያ ይተርካል። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አንዳቸውም ወደ ቴሌቪዥኑ አያዩም። ሁሉም የሚያዩት የአባቴን እጅ ነው። ጡረታ የወጡት መምህርማ ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

ጫማ ሠሪው በመስታወቱ ውስጥ አዩኝና ጣታቸውን ከአንሶላው ሥር አውጥተው ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የአባቴ እጅ ይመጣል፣ ትንሽ ይስታል፤ ጫማ ሠሪው አንገታቸውን ቀስ አድርገው ወደ ምላጩ ያመጡለታል። እጁ ወደ ግራ ሲያልፍ እሳቸውም ወደ ግራ ዘንበል ይላሉ። ሰው የገዛ ማጅራቱን ለምላጭ ሲያቀብል አይቼ አላውቅም ነበር።

ተላጭተው ሲወጡ ተከትያቸው በር ላይ ያዝኳቸው።

"ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆይቷል ልጄ።"

"ሁላችሁም ታውቃላችሁ?"

"የሚያየውማ ያያል።"

"ጉሮሮዎን ቢቆርጠውስ?"

"አይቆርጠውም" አሉ፣ አንገታቸውን እያሻሹ። "እጁ ሲመጣ እኔ እሄድለታለሁ። ለምደነዋል።"

ደሜ ፈላ። "አብዳችኋል እንዴ? አንድ አዋቂ ጠፍቶ ነው እዚያ አግዳሚ ላይ የምትደረደሩት?"

"ታዲያ ምን እንበለው? ከዚያ ወንበር ኋላ ከተነሣ ሰውዬው ምን ይቀርለታል? ጸጉር ነው፣ ያድጋል ብለን ነው።"

"ጸጉሩ ያድጋል ጋሼ፤ ዓይኑስ? ሞራ ቢሆንስ? በጊዜ ቢታይ የሚድን ቢሆንስ? እናንተ እያዘናችሁለት እሱ እየታወረ ነው።"

ይህን አላሰቡትም ነበር። እኔም ተናግሬ ሳበቃ የሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተናድጄ እንጂ ፈርቼ አልነበረም።

ያን ማታ አባቴ መጥረጊያውን አነሣና ሽማግሌውን ከፈተ። አሁን ዲስኩን በትክክል አግኝቶታል፤ ከመሳቢያው መጨረሻ ነው የሚያኖረው። መቆጣጠሪያውን አንሥቼ ድምፁን አጠፋሁት።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም። እየታየ ነው። ማን ነው የቆመው?"

"ድምፁን መልሺ።"

"ድምፁ ምን ያደርግልሃል? የቆመው ማን ነው፣ የወደቀውስ?"

ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። በጣም ተጠጋ። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ስንት ዓመት ያየውን ግጥሚያ ነው የምጠይቀው፤ ገምቶ ሊመልስልኝ ይችል ነበር። አልገመተም።

"ጭጋግ ነው" አለኝ በመጨረሻ። "ነጭ ጭጋግ ውስጥ ነው የሚታገሉት።"

በደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። "ዓይኑ ለጠፋ ጸጉር አስተካካይ ማን አንገቱን ይሰጠዋል?" አለ። ከዚያ ድንገት ቀና ብሎ፦ "ግን አንድ ሰው ቆርጬ አውቃለሁ? ንገሪኝ እስኪ። አንድ ሰው አድምቻለሁ?"

"አላደማህም።"

"አየሽ? ዓይኔ ቢደክም እጄ አልሳተም።"

ምላሴ ላይ የመጣውን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ስለ ሐኪም ሳነሣ ግን ወይ ፍንክች። ዛሬ አይሆንም፣ በዓመት መጨረሻ፣ ብርዱ ሲወጣ፣ ሙቀቱ ሲበርድ። በእሱ ነገር ደክሞኛልና ክርክር አላበዛሁም። ምላጩን፣ መቀሱንና ቶንዶሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

በነጋታው ባዶ እጁን ተቀምጦ ዋለ። ሰው ሲመጣ "ዳኛዋ አግዳኛለች" ይላል፣ ሰውም እሺ ብሎ ይወጣል። ከእኔ ጋር አልተነጋገረም። አመሻሹ ላይ፣ እኔን ሳያይ፣ ለግድግዳው የሚናገር ይመስል፣ "የዓይን ሐኪሞች ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?" አለ።

ሞራ ነው። ሐኪሟ ሁለቱንም ዓይኑን አይታ "እስካሁን ምን ስታደርጉ ቆያችሁ?" ብላ በእኔ ተቆጣች፤ በማን ትቆጣ። ይወጣል፣ ያያሉ አለችን። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ወጣለት። እስኪሻለው ድረስ በእሱ በኩል ያለው በር ተዘጋ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጸጉር ቤት አለ፤ ግን ከአግዳሚው ሰዎች አንድም የሄደ የለም። ከነጠማማ ጸጉራቸው በደጃችን ያልፋሉ። ጸጉሩ አደገ፤ ጠማማውም አብሮ አደገ።

የተመለሰ ዕለት በሩን ራሱ ከፈተ። ቴሌቪዥኑን አበራ፣ አየው፣ አጠፋው። መስታወቱን ወለወለ። "ይኼ ግድግዳ እንዲህ ቆሽሿል እንዴ?" አለ። ከዚያ ዞር ሲል ጫማ ሠሪው፣ መምህሩና ሌሎቹም አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል።

አያቸው። ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ራስ። ከኮምፖንሳቶው ጥግ ማበጠሪያ እንደያዝኩ ቀረሁ።

"ማን ነው እንዲህ ያደረጋችሁ?"

ጫማ ሠሪው ተነሡ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "አንተ ስትዘጋ ጊዜ ማዶ ሄድኩ። ሌሎቹንም ይዤ የሄድኩ እኔ ነኝ። ከፈለግህ ስደበኝ።"

"እኛም ሄደናል" አሉ መምህሩ፣ መዋሸት እንደማያምርበት ሰው ሆነው።

አባቴ ቀርቦ የጫማ ሠሪውን ራስ ወደ መብራቱ አዞረ። ጣቱን ከጆሮአቸው ኋላ አስጀምሮ ወደ ማጅራታቸው አወረደው። ማዶ ያለው ሰውዬ ማጅራት ላይ ቀጥ አድርጎ ነው የሚጨርሰው። አባቴ ክብ ያደርገዋል፣ ሲያደርገው ኖሯል። ጣቱ እዚያ ክብ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰው የገዛ እጁን ሥራ አያጣውም። ቀይ የሆነ አሮጌ ጭረትም ነበረች፣ ትንሽ። በላይዋ ደጋግሞ አለፈባት።

እንግዲህ ይሰድባቸዋል፣ ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል ብዬ ነበር። አንዱንም አላደረገም።

"ተቀመጥ" አለ።

አንሶላውን አሰረላቸው። መሳቢያውን ከፍቶ ከመጨረሻ ያለውን ዲስክ አወጣ። ለደንበኛ ሽማግሌውን ሲከፍት ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። አግዳሚው ሁሉ ቀና ብሎ ማየት ጀመረ። እሱ ግን አልተረከም። ጎንበስ ብሎ በጓደኛው ጆሮ "አወዳደቅ ታውቃለህ" አላቸው።

አባቴ ምላጩን አነሣ።

"አሁን አትንቀሳቀስ" አላቸው። "አሁን እኔ እመጣልሃለሁ።"

ምላጩ ማጅራታቸው ጋ ሲደርስ ጫማ ሠሪው እንደለመዱት አንገታቸውን ዘንበል አደረጉለት።