ሳያልቅ ያረጀ ጎማ

ሽማግሌው ያቺን ከንፋስ የምትፈጥን ቀይ መኪናቸውን ጀርመን ኤስሊንገን ከተማ ካለው ጎማ ቤት ያደረሷት ጭነት መኪና ላይ አስጭነው ነው። ኮታቸው ተተኩሷል፤ የመንጃ ጓንታቸው አንዲት መጨማደድ የለበትም።

ጎሚስታዋ ጉድሩን ጎንበስ ብላ ጎማዎቹን ስታይ ደሟ ፈላ። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሳይበላ በእርጅና ተሰነጣጥቀዋል።

«አባባ፣ ይቺን የመሰለች መኪና ገዝተው አይነዷትም እንዴ?»

«ዝናብ ይመጣል ብዬ...»

«ስንት ዓመት ሙሉ ነው የሚዘንበው?!»

 አዲሶቹ ጎማዎች ተገጥመው ሲያልቁ ሽማግሌው መኪናዋ ውስጥ ገብተው ሞተሯን አስነሱ። ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ልጅ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው አጠፉት።

«ለዘንድሮ ይበቃኛል።»

«ውጭ እኮ ፀሐይ ነው!» ብላ ጉድሩን ጮኸችባቸው።

እሳቸው ግን መኪናዋን መልሰው አስጭነው፣ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ፣ ከጭነት መኪናው ሹፌር ጎን ተቀምጠው ቀበቶ እያሰሩ ነበር።