ሀስና የምታጠጣው መሬት

ቆቦ ገበያ ገብቶ ስለ ሀስና የጠየቀ ሰው መልስ ለማግኘት ብዙ አይደክምም። አንዷ «ምንም የማይበቅልበትን መሬት የምታጠጣዋ?» ትለዋለች። ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለጂን ነው የምታፈሰው ትለዋለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ባሏን እዚያው ጓሮ ቀብራው ነው ብላ ትምልለታለች። ባሏ ሙንተሲር ያረፈው በሙስሊሞች መቃብር ነው፤ ባለቤቴ ራሱ ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበር። ወሬ ከጣፈጠ ግን እውነቱን ማን ይፈልጋል። እኔ አስካለ እባላለሁ። ከሀስና ጋር በአንድ ግቢ ስኖር ጠጉሬ ሸብቷል፤ ስለዚህ ስለ እሷ የሚያወራ ካለ እኔ ልቅደም።

መጀመሪያ ስለ መሬቱ። ሙንተሲር በግሉ እየዞረ ለሰው ቤት የመብራት መስመር የሚዘረጋ ሠራተኛ ነበር። የራሱን ቤት ሲሠራ ከጓሮው ጥግ ጉድጓድ ቆፈረ፣ የመዳብ ዘንግ ተከለበት፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞላው። ከዘንጉ ጫፍ ወፍራም ሽቦ ስቦ ግድግዳው ላይ ካለው የመብራት ሳጥን ጋር አገናኘው፤ ሳጥኑ ውስጥም ትንሽ የመብረቅ መከላከያ አስገባ። መብረቅ መስመሩን ቢመታ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በድንገት ኃይል በዝቶ ቢመጣ፣ ትርፉ በዚያ ሽቦ ወርዶ መሬት ውስጥ ይቀራል እንጂ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ አይፈጅም። እኔም መብራት የምስበው ከእነሱ ቆጣሪ ስለሆነ ቴሌቪዥኔ እስከ ዛሬ የቆየችው በዚያ ጉድጓድ ነው።

ችግሩ የአገራችን መሬት ነው። የራያ ቆላ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የደረቀ መሬት ደግሞ የመጣበትን ኃይል እንደ ልብ አይቀበልም። ስለዚህ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ጉድጓዱ ውሃ መጠጣት አለበት። ሙንተሲር መስመር ለዘረጋበት ቤት ሁሉ ይህን ይናገር ነበር፤ ሰው ግን ለከብቱ ያጣውን ውሃ ለጉድጓድ አይሰጥም። በእሱ ቤት ግን ሕጉ ሕግ ነበር። ደመና ሳይመጣ ውሃ ይፈስሳል፤ ደመና ከመጣ በኋላ ማንም ሰው ወደዚያ ጥግ አይደርስም።

ሕጉን ያወጣው ሰው ራሱ ጣሰው። ሰኔ ላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። አንድ ልጃቸው ኢቅራ ያኔ ገና ትንሽ ተማሪ ናት። ደመናው በዞብል ተራራ ላይ ጠቁሮ መጣ። ሙንተሲር ከሥራ ሲገባ ጉድጓዱን ደርቆ አገኘው፤ ነጎድጓዱ ገና ሩቅ ነው ብሎ መሰለኝ፣ ጄሪካን አንስቶ ወጣ። መብረቁ ደጃችን ያለውን የመብራት ምሰሶ መታው። እኔ ስደርስ ሙንተሲር በጎኑ ተኝቶ ነበር፣ ውሃውም ከተገለበጠው ጄሪካን ገና እየፈሰሰ ነበር።

የሥራ ጓደኛው ይርጋ ለቅሶ ቤት ለሀስና ሲነግራት ሰምቻለሁ። መሬቱ ቢርስም ባይርስም፣ በዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ መቆሙ ነው የገደለው አላት። ሊያጽናናት ብሎ ብቻ አይደለም፣ ሙያውም እንደዚያ ይላል። ሀስና ግን ርሶ ቢሆን ኖሮ ምን ብሎ ይወጣ ነበር ብላ ጠየቀችው። 

ከዚያ ወዲህ ሀስና ጉድጓዱን በበጋ አስጠምታው አታውቅም። ቧንቧ በጠፋ ጊዜም ታጠጣዋለች። ጦርነቱ መጥቶ ከተማው ያለ መብራት በከረመበት ወቅት እንኳ፣ ሽቦው ውስጥ የሚያልፍ አንዳች ነገር ሳይኖር፣ ታጠጣው ነበር። ያኔ ተቆጥቻታለሁ። የምንጠጣውን ውሃ በስንት መከራ እየቀዳን አንቺ ለሌለ መብራት ትደፊያለሽ ወይ አልኳት። ጄሪካኗን እስከ መጨረሻው ጠብታ ገለበጠችው። ጉድጓዱ አጠገብ ስትቆም ዓይኗ እኛ የምናየውን አያይም፤ እውነቱን ለመናገር ያ አስተያየቷ ያስፈራኛል።

እኔ በጂን አላምንም። ነገር ግን ሰማዩ ጠቁሮ ሶኬት መንቀል ስንጀምር ከዚያ ጥግ የሆነ ድምፅ ይሰማኛል፤ ሙሉ ጄሪካን መሬት ላይ ሲቀመጥ እንደሚሰማው ዓይነት። በመስኮት ባይ ማንም የለም። አንድ ቀን ለሀስና ብነግራት አንቺም ትሰሚያለሽ ወይ ብላኝ ሥራዋን ቀጠለች፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዬን ጓሮ መውጣት ጠላሁ። ከሁላችንም ደግሞ ኢቅራ ትብሳለች። ተምራ፣ ጎብዬ ከተማ አስተማሪ ሆና፣ ለልጆች ስለ መብረቅ እያስተማረች እንኳ በዚያ በኩል ዝር አትልም። የአባቷ ሐዘን ነው ብዬ ስለማስብ አንድ ቀንም ጠይቄያት አላውቅም።

ዘንድሮ ሀስናን ወባ ጣላት። ዝናቡም ዘገየ። እኔ ዋጃ አራስ የእህቴ ልጅ ዘንድ ከርሜ ስመለስ ጉድጓዱ ተሰነጣጥቆ ጠበቀኝ። ልጠይቃት ስገባ ሀስና ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርስ ጉድጓዱን ውሃ አድርጊልኝ አለችኝ። ልታስታምማት ከጎብዬ ለመጣችው ለኢቅራ ግን ጉድጓዱን አጠጪ ብላ አልነገረቻትም ነበር። እሺ ብዬ ሳልነሳ በዞብል በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። አብሽሪ፣ አሁንስ አይሆንም፣ ሶኬቱን እንንቀል አልኳት። የፍሪጁን ነቅዬ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞር ስል፣ ኢቅራ ጄሪካን አንጠልጥላ ወደ በሩ ስትሄድ አየኋት።

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሰው ጠርቷት አቤት ብላ የምትሄድ ነበር የምትመስለው። ክንዷን ብይዛት ገፍታኝ አለፈች። ያን ጊዜ ሀስና፣ ሽንት ቤት እንኳ በሰው ድጋፍ የምትደርሰው ሀስና፣ ከአልጋዋ ወርዳ እየዳኸች መጣችና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። ሰውነቷ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል።

«እማ፣ ተነሽልኝ» አለች ኢቅራ። «ደርቋል።»

«ይድረቅ።»

«አባባ የሞተ ቀንም እንዳፈስበት የላክሽው እኔን ነው። አላፈሰስኩም። ለፍየሎቹ ሰጥቼ አፍስሻለሁ አልኩሽ።»

ሀስና ልትመልስላት አፏን ስትከፍት መብረቁ ወረደ። የቱ ጋ እንደመታ አላውቅም፣ ቅርብ ነበር። ቤቱ ፈክቶ ጨለመ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን ጧ ብሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ከጥጉ፣ ከዘንጉ በኩል፣ የመሬቱ ጭስ በመስኮት ታየኝ። ልጅቱ በዚያች ሰዓት ልትቆም የነበረው እዚያው ላይ ነው።

ጄሪካኑ ከኢቅራ እጅ ወደቀ። ሀስና የልጇን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻት፣ መሬት ላይ አስቀመጠቻት።

«አውቃለሁ» አለቻት። «ያኔውኑ ነው ያወቅሁት። ከደረቀ አንድ ቀን እንዲህ ትወጫለሽ ብዬ ነው የማጠጣው። ሰው እብድ ናት ይበለኝ፤ አንቺ ብቻ ወደዚያ አትሂጂብኝ።»

 ይህን ሁሉ ዘመን ለሞተው የምታፈስ መስሎኝ እኔም በልቤ ከገበያተኛው ጋር ነበርኩ። ለካስ ውሃው ሁሉ በሕይወት ላለችው ነበር፣ ልጅቱም ሳታውቀው በዚያ ውሃ ስትጠበቅ አድጋለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፤ ሦስታችንም ከበሩ ሥር አልተንቀሳቀስንም።

ኢቅራ ፊቷን ከእናቷ ትከሻ ሳታነሳ፣ አባባስ እኔ እንዳላፈሰስኩ አውቆ ነው የሞተው ብላ ጠየቀች።  ሀስና የዚህን መልስ ለመናገር የልጇን ውሸት ማወቋንም መናገር ግድ ስለነበረባት እስከ ዛሬ ይዛው ኖራለች።

«ጄሪካኑን ይዞ ሲወጣ ዞር ብሎ ልጅቷን እንዳትቆጪያት አለኝ» አለች። «ወላሂ፣ ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረም።»