ከስልሳ በላይ

ረቡዕ፣ ከአዳማ መነሻ

ጋሽ በቀለ የሚነዱት ተሳቢ ላይ የተሳፈርኩት ገና ሊነጋጋ ሲል ነው። ጉዞዬ ወደ ጅቡቲ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት እዚያ በአንድ ትራንዚት ቢሮ ሲሠራ ቆይቶ ታሞ አረፈ። እሱን አምጥተን ቀብረነዋል፤ ዕቃው ግን እዚያው ቀርቷል። እናቴ ስለ ልብሱ አልጠየቀችኝም።

"የሚስቅበት ፎቶ አምጣልኝ" አለች። "ለአርባው እሱን ነው የማቆመው።"

እኛ ቤት ያለው ለፓስፖርት የተነሳው ብቻ ነው። እሱ ላይ ዳዊት የተቆጣ ይመስላል። ሌሎቹ ኢሜሉ ውስጥ ናቸው፤ "እልካለሁ" እያለ ሳይልካቸው ቀረ። የይለፍ ቃሉን የምናውቅ የለንም፤ የያዘው የሚሠራበት ላፕቶፕ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ የቢሮው ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ተመልሶ ይደመሰሳል። እኔ ግን አልፈራሁም። ትምህርት ቤት በኮምፒውተር ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ።

ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ ከመስኮቱ ገባ። ሚሌ ላይ ሽሮ በላን። ጋሽ በቀለ መንገዱን ሁሉ የፈረንሳይ ቁጥር አስተማሩኝ።

"እስከ ስልሳ ከቻልክ ይበቃሃል" አሉኝ።

"ከዚያ በላይስ?"

"ከዚያ በላይ ራስህ ትጨርሰዋለህ፤ ተማሪ አይደለህ እንዴ!"

ሐሙስ

ጋላፊ የድንበር ኬላ ላይ ረጅም ሰልፍ ጠበቀን። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። የጅቡቲ ከተማ መግቢያ ላይ ያለው ፔካ 12 ስንደርስ መሽቶ ነበር። ጋሽ በቀለ ከመኪናው አውርደውኝ "ቅዳሜ ረፋድ ላይ እዚሁ ጠብቀኝ፤ ካረፈድክ ጭነቱ አይጠብቅህም" አሉኝና ወደ ዶራሌ ወደብ ቀጠሉ።

ዓርብ፣ ካርቲየ 4 ሰፈር

የዳዊት ክፍል ጠባብ ናት። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ማራገቢያ። ላፕቶፑና ሞደሙ በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ከፈትኩት። ዊንዶውስ አይደለም! ከታች በግራ የማውቀው ቁልፍ የለም። ሊኑክስ የሚባለው ነው፤ ጽሑፉ ሁሉ ፈረንሳይኛ።

መጀመሪያ ወደ ኢንተርኔት ቤት ወሰድኩት። ባለቤቱ "የሰው ማሽን ከገመዴ ጋር አላገናኝም" አለኝ። ተመለስኩ።

ሞደሙን ሰካሁት። ማሽኑ ላይ እንደ ሲዲ ሆኖ ታየ። ውስጡ ያለው ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ ብነካው ብነካው አልተነሳም። ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት። ላቤ ቁልፎቹ ላይ ተንጠባጠበ። በመጨረሻ ከላይ በቀኝ በኩል ሁለት ትንንሽ ቀስቶች አየሁ። ነካኋቸው። አገር ጠየቀኝ፣ መረጥኩ። የስልክ ድርጅት ጠየቀኝ፣ መረጥኩ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ የሞደሙን ሲም ምስጢር ቁጥር ጠየቀኝ።

የዳዊት የሥራ ባልደረባ ለነበረው ለዩሱፍ ደወልኩ። እሱ የጅቡቲ ልጅ ነው፤ ትንሽ አማርኛ ይችላል። ከጀርባው የክሬን ድምፅ ይሰማል።

"ጻፍ፣ ብሩክ! ስዋሳንት ካንዝ፣ ስዋሳንት ዱዝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ቻው!" አለና ዘጋው።

ከጋሽ በቀለ የተማርኩት ነው! ስልሳ፣ አሥራ አምስት፣ ስልሳ፣ አሥራ ሁለት። 60156012 ብዬ ጻፍኩ። እምቢ አለ። እጄ ስቶ ይሆናል ብዬ ቀስ እያልኩ ደገምኩት። አሁንም እምቢ አለ፤ ከሥሩ "1" የሚል ቁጥር መጣ። አንድ ሙከራ ብቻ ቀርቶኛል ማለት ነው። ከተሳሳትኩ ሲሙ ይዘጋል። ዩሱፍ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁና ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የዳዊት ጎረቤት እትዬ ዘነበች ናቸው። ፈረንሳዮች ቤት ይሠራሉ፤ የዳዊትን ልብስ አጥበው ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው።

"ምነው የኔ ወንድም፣ ማሽኑ ነው ያስለቀሰህ?"

"ላብ ነው" አልኩ። ዩሱፍ ያለኝንና እኔ የጻፍኩትን ቁጥር ነገርኳቸው።

አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

"ስምንት አኃዝ? ስዋሳንት ካንዝ ስልሳ እና አሥራ አምስት ነው፤ ደምረው!"

"ልደምረው?"

"እነዚህ ሰዎች ሰባ የላቸውም፤ ስልሳ ላይ ይደምራሉ። እኔ ለማዳም ስልክ ስደውል ስንት ቀን ተሳስቼ ሌላ ሰው ቤት ደውያለሁ መሰለህ!"

ሰባ አምስት፣ ሰባ ሁለት። አራት አኃዝ ብቻ።

"እትዬ፣ ባይሆንስ?"

"ጻፍ እንጂ!"

7572 ብዬ ጻፍኩ። የሞደሙ መብራት ሰማያዊ ሆነ።

ኢሜሉ ተከፈተ። ፎቶዎቹ አሉ። አንዱ ላይ ዳዊት ኮንቴይነር ተደግፎ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል። ፍላሽ ላይ ገለበጥኳቸው። ከዚያ ያልተላኩ ደብዳቤዎች የሚቀመጡበትን ነካሁ። አንድ ብቻ ነበር፤ ለእኔ የተጻፈ።

"ብሩኬ፣ ክረምት ስትመጣ ይህን ማሽን አለማምድሃለሁ። ሞደሙ መጀመሪያ ሲዲ ይመስላል፤ አትደንግጥ። ከላይ ሁለት ቀስቶች አሉ። ቁጥሩ 7572 ነው። ዩሱፍን እንዳትጠይቀው፣ በፈረንሳይኛ ነግሮ ያሳብድሃል።"

እትዬ ዘነበች ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ። መጨረሻው ላይ እሳቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

እሑድ፣ አዳማ

ላፕቶፑን ቅዳሜ ጠዋት ለቢሮው አስረከብኩ፤ ፔካ 12 ላይም አላረፈድኩም። በመንገድ ላይ ከስልሳ በላይ ያለውን ጋሽ በቀለን አስተማርኳቸው። ፎቶው ታጥቦ ቤት ገብቷል። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችውና "ምን ብለውት ነው እንዲህ የሚስቀው?" አለች። በወረቀት ገልብጬ ያመጣሁትን ደብዳቤ አነበብኩላት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ የማላውቀው ማሽን አያሸንፈኝም፣ ያወቅሁ የመሰለኝን ቁጥር ግን መጠየቅ አለብኝ። የሚያስተምረኝ ወንድሜ ነበር። አስተምሮኛልም፤ እኔ ዘግይቼ አነበብኩት እንጂ።