በበሩ ያልገባ ወለድ

ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ በቀን ሥራ ድንጋይ የሚያቀብልበት ግንብ ተንዶ ቀበረው። ሦስት ጓደኞቹ ሞቱ፤ እሱ ከነነፍሱ ወጣ፤ ግራ እግሩ ግን እንደ ቀድሞዋ አልሆነችለትም። ሸክም የማይችል የቀን ሠራተኛ ማን ይቀጥራል? ስምንት ወር የሰው ፊት ሲያይ ከርሞ፣ አንዲት ትንሽ ባንክ በር ላይ ዘበኛ ሆነ። በር መክፈትና መዝጋት አያስሮጥም። ሠራተኞቹ «አባ መዝጊያ» አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ፊደል አልቆጠረም። አንድ ቀን ደንበኛ የጣለውን ወረቀት አንስቶ ትኩር ብሎ ሲያይ፣ ገንዘብ ያዧ ደረሰችበት።

«ምን ይላል?»

«ደህና ነው የሚለው፣ እታለም።»

«ዘቅዝቀህ ይዘኸው እንዴት ደህና ይላል? በል፣ ምሳ ሰዓት እዚህ ተቀመጥ።»

በተበላሹ ደረሰኞች ጀርባ ላይ አራት ዓመት አስተማረችው። ከዚያ በማታ ትምህርት ገፍቶ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ልጆቹ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ተሰልፎ ተፈትኖ አለፈ፤ በአርባ አንዱ ሂሳብ ክፍል ገባ። የዘበኝነት አመሉ ግን አለቀቀውም። ከጠረጴዛው ሆኖ ዓይኑ በሩ ላይ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ከጠፋ ስንት ጊዜው እንደሆነ ያውቃል።

ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው ባንኳ ትልቅ ትርፍ አገኘሁ አለች። የተጣራ የወለድ ገቢዋ፣ ማለትም ተበዳሪዎች ከሚከፍሉት ወለድ ለአስቀማጮች የሚከፈለው ተቀንሶ የሚተርፈው፣ ከአምናው በሲሶ አድጓል። ሥራ አስኪያጁ ትርፉን ለባለአክሲዮኖች ሊያከፋፍል አሰፍስፏል። አባ መዝጊያ ዝርዝሩን ሲያመሳክር፣ ትልቁ ወለድ ከአንድ የጡብ ፋብሪካ ባለቤት የተገኘ ይላል። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያ ሰው በዚያ በር ከገባ ዓመት አልፎታል!

የክፍያ ደረሰኝ ፈለገ፤ አንድም የለም። ይመጣል የተባለው ወለድ እንደ መጣ ተጽፏል።

«ዝም ብል ማን ያውቅብኛል?» አለ በሆዱ። ግን ያስተማረችው ገንዘብ ያዥ ጡረታ ወጥታ ነበር፤ ያጠራቀመቻት ሁሉ እዚያችው ባንክ ናት። ተነሥቶ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ።

«ጌታዬ፣ ይህ ወለድ በበሩ አልገባም።»

«አባ መዝጊያ፣ እርስዎ ዛሬም በር ላይ ነዎት እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«ነኝ። ያልታለበ ወተት ደግሞ አይናጥም።»

ሳቁ ቆመ። ፋብሪካው ድረስ ሰው ተላከ፤ እቶኑ ቀዝቅዞ፣ በሩ በሰንሰለት ታስሮ ተገኘ። ሂሳቡ ሲታረም የተጣራው የወለድ ገቢ ከአምናውም አነሰ። ባለአክሲዮኖቹ አኮረፉ፤ ሥራ አስኪያጁ ሰላምታውን ነፈገው፤ በሌለ ትርፍ ስም ሊከፋፈል የነበረው ገንዘብ ግን ካዝና ውስጥ ቆየ።

በዓመቱ የባለፋብሪካው መክሰር ተሰማና አስቀማጮች ግር ብለው መጡ። ባንኳ ለጠየቀ ሁሉ ከፈለች። ገንዘብ ያዧም ምርኩዟን ይዛ ተሰልፋለች።

«ላውጣው ወይስ ልተወው?» አለችው አባ መዝጊያን።

«ተይው፣ እታለም። መዝገቡ አሁን እውነት ነው።»

ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከኋላዋ የነበሩትም አይተው ተከተሏት። በሦስተኛው ቀን ሰልፉ አለቀ፤ ሥራ አስኪያጁም አባ መዝጊያን ራሱ በር ከፍቶ አስገባው።

ዛሬ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ልጁ «አባባ፣ በዕድሜህ ሁሉ ምን በለጠብህ?» ብትለው እንዲህ አላት፦

«ከፍርስራሹ ያወጡኝን እጆች አላየኋቸውም፤ ሳላመሰግናቸው ቀረሁ። ቁጥር ያስተማረችኝን እጅ ግን አውቃታለሁ። የበለጠብኝ፣ እሷ ባስተማረችኝ ቁጥር አለመዋሸቴ ነው።»