ሐሙስ ሐሙስ የሚታመመው ማሞቂያ

በኛ መንደር ሰው የቀረበለትን ነገር ሁለቴ እንቢ ሳይል አይቀበልም። «ኬክ?» ሲሉት «ኧረ አትቸገሩ» ይላል፤ ሲደግሙለት «ኧረ ጠግቤያለሁ»፤ ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ ካላችሁማ» ብሎ ሁለት ቁራሽ ያነሳል። እዚህ አሜሪካ፣ ኖርዝ ዳኮታ ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ገብታ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ኧረ ግድ የለም፣ አልገባም» ሲል ጆሮው ቀይ ሥር የመሰለ ሰው አውቃለሁ። ሰውዬው እኔ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ከአገሬው ጋር መኖር ጠባይ ያጋባል።

ጎረቤቴ አርቪላ ግን ለዚህ ነገር የተፈጠረች ናት። ሟች ባሏ እንኳ አግቢኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ለምኗት ባዶ እጁን ተመልሷል፤ እሺ ያለችው በሦስተኛው ነው። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን ትኖራለች። ምድር ቤቷ ውስጥ ወይፈን የሚያክል፣ ሃምሳ ክረምት ያለፈበት የጋዝ ማሞቂያ አላት።

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ይኼ ማሞቂያ መታመም ጀመረ። የሚታመመው ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ቀን ጠብቆ የሚበላሽ ብረት አይቼ አላውቅም። ሐሙስ ጠዋት እሳቱ ይጠፋል፤ አርቪላ ሎዌል ጋ ትደውላለች፤ ሎዌል ካቻቪቴና ፒንሳውን ይዞ ይመጣል። ጡረታ የወጣ የማሞቂያ ጠጋኝ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አሥር ደቂቃ ይጎረጉርና፣ እንደ ጠጋኞች ሁሉ ቀኑን በእርሳስ የማሞቂያው በር ላይ ይጽፋል። ከዚያ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ፣ ሌፍሳ የሚሏትን የድንች ቂጣ በቅቤና በስኳር እየጠቀለለ ይበላል።

«አሮጌ ነው፣ ቀይሪው» ያላላት የለም፤ ፓስተሩ ሳይቀሩ ብለዋታል። «ሎዌል ይጠገናል ብሏል» ትላለች። ሎዌልን ስጠይቀው ወደ ጣሪያው እያየ «እስኪ ይህን ክረምት እንየው» ይለኛል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት መሰላል ልዋስ ሄጄ ምድር ቤት ደረስኩባት። እጇን ማሞቂያው ሆድ ውስጥ ከታ፣ የመለኮሻዋን እሳት ሽቦ የምትይዘውን ትንሽ ዳዶ ታላላለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አቧራ እየጠረግኩ» አለች ዓይኗን በጨው ታጥባ። «ደግሞ ለሰው ትናገርና መሰላሉን እንዳታልመው!»

መሰላሉን ወስጄ ዝም አልኩ።

በጥር ግን ነገሩ መረረ። ሎዌል ዳዶዋን አጥብቆ ሲጨርስ «ከመጣሁ አይቀር» ብሎ ትንሽ መስታወት ወደ ውስጥ አስገባ። ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። መስታወቱን ደጋግሞ አዟዟረ። እሳቱን ከቤቱ አየር የሚለየው ብረት ተሰንጥቋል።

«በብየዳ አይያዝም?» አለች አርቪላ።

«አይያዝም።»

«አንተ ከፈለግክ የማትጠግነው ምን አለ? እስኪ ይህን ክረምት...»

«አንቺ ሴትዮ! ከዚህ ስንጥቅ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም። ማታ ተኝተሽ ጠዋት አትነሺም!» የጋዙን መዝጊያ ጠምዝዞ ዘጋው። «ይቀየራል፣ አለቀ።»

«አዲሱስ በስንት ጊዜው ይበላሻል?»

«የአሥር ዓመት ዋስትና አለው።»

«አሥር ዓመት!» አለች፣ እንደ ተፈረደባት ሰው። አሳዘነችኝ። ሰውዬው ነፍሷን አድናለሁ ብሎ ሐሙሷን እየወሰደባት ነበር፤ የራሱንም ጭምር።

ቅዳሜ አዲሱ ተተከለ፤ ባትሪ ያዡ አሁንም እኔ ነኝ። ነጭ፣ ቀጭን፣ ድምፅ የሌለው ነገር ነው። ሎዌል የአሮጌውን በር ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ጽሑፉን በጣቱ ተከተለ።

«አሥራ አንድ ሐሙስ» አለ። «ሁልጊዜ ያቺው ዳዶ። ዳዶ በራሷ እንዲህ አትላላም፣ አርቪላ።»

አርቪላ ፍም መሰለች። ዞራ አፈጠጠችብኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«መቼ አወቅክ?» አለችው።

«ሁለተኛው ሐሙስ ላይ።»

«ታዲያ ምን ዝም አሰኘህ?»

«ቂጣሽ ጥሩ ነው።»

ቆቡን አደረገ፤ አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። «አዲሱ የሚላላ ነገር የለውም። ሐሙስ... እንዲሁ ብመጣስ? ምንም ሳይበላሽ?»

ሁለቱን እንቢታ ለመስማት ተመቻችቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሎዌልም ሁለተኛውን ጥያቄ አዘጋጅቶ ነበር።

«ና» አለች።

«ኧረ እንዳላስቸግርሽ ብዬ እንጂ...» ብሎ ጀመረና ደነገጠ። «ምን አልሽ?»

«ና አልኩህ! ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሦስቴ እስክትጠይቀኝ የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም። አሁንም ወደ ላይ ውጣ፣ ቂጣ አለ።»

ሎዌል ካፖርቱን እንደ ለበሰ ተከተላት። እላይ ስትደርስ ዞር ብላ «አንተም ቆይ እንጂ» አለችኝ።

«ኧረ ግድ የለም» ብዬ ሁለተኛውን ግብዣ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ባትሪዬን አጥፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።