ማናለብሽ ለአያ አድማሴ የነገረቻቸው

ማናለብሽ የተወለደችው ከአዘና ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። እስክትዳር ድረስ በቤታቸው ከአገውኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ሲነገር ሰምታ አታውቅም ነበር። ዳንግላ ወፍጮ ቤት ለሚሠራው ለስማቸው ስትዳር ግን ባሏም አማቷም አማርኛ ብቻ ተናጋሪ ሆኑባት። ምን ታድርግ፤ ቃሉን ካማቷ አፍ እየለቀመች ተማረች። አማቷ ወይዘሮ ስሜነሽ ደግ ሴት ነበሩ። ምራታቸው በሬውን "መጣች"፣ ላሟን "መጣ" ስትል ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ስቀው ሲያበቁ ደግሞ ቁጭ ብለው ያቃኗታል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያ ልጇን እንደወለደች ብርቱ ትኩሳት ጣላትና ከተማው ውስጥ ወዳለው ትንሽ ሐኪም ቤት ወሰዷት። እዚያ ተኝታ ሳለ ያ ሁሉ የተለፋበት አማርኛ ካፏ ጠፋ። ውኃ ስትልም በአገውኛ፣ ልጄስ ስትልም በአገውኛ ሆነ። ባሏ ስማቸው አጠገቧ ቆሞ ያለቅሳል እንጂ የምትለው አይገባውም። አስታማሚዎቹም ትቃዣለች ብለው ተዉአት። ኋላ ከጎኗ ካለው አልጋ ላይ እታለማሁ የምትባል፣ ግምጃ ቤት ከሚባለው ከተማ የመጣች ሴት፣ ራሷ በሕመም ላይ እያለች፣ ፊቷን ወደ እሷ አዞረችና በአገውኛ፣ "አይዞሽ እህቴ፣ እሰማሻለሁ። ልጅሽ ደህና ነው፤ አማትሽ አቅፈውታል" አለቻት። ማናለብሽ ይህን እንደሰማች እንቅልፍ ወሰዳት። ከታመመች ጀምሮ እንዲያ ተኝታ አታውቅም ነበር።

እሷም ልጇም ተረፉ። ስትድን እዚያው ሐኪም ቤት አንሶላ አጣቢ ሆና ገባች። ባሏ "ምን አጣሽና?" ቢላት፣ "ምንም አላጣሁም፤ ተደርጎልኛል" ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ አማርኛ የማይሰማ በሽተኛ ሲመጣ "ማናለብሽን ጥሯት" ማለት የሐኪም ቤቱ ልማድ ሆነ። እሷም እጇን ከሳሙናው አለቅልቃ፣ በቀሚሷ እያበሰች ትመጣለች። ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ቀላል ነው፤ የት ያምሃል፣ መቼ ጀመረህ፣ ይህን ክኒን ጠዋትና ማታ ዋጥ። አያ አድማሴ እስከመጡ ድረስ ነገሩ ከዚህ ከብዶባት አያውቅም።

አያ አድማሴ ከእንጅባራ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጡ፣ በፈረስ ግልቢያ ስማቸው የተጠራ አዛውንት ነበሩ። በጥምቀት ጉግስ ፈረሳቸው ተሰናክሎ ግራ እግራቸው ላይ ወደቀባቸው። ወጌሻ አሽቷቸው፣ በሸምበቆ አስሮላቸው ነበር፤ ግን አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ስለነበር ቁስሉ እያመረቀዘ ሄደ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እግሩ እስከ ባት ጠቁሮ፣ ሽታው ከቤት አላስቀምጥ አለ። ልጃቸው ነጋ ጎረቤቶቹን አስተባብሮ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ አደረሳቸው፤ ከዚያም በእህል መኪና ዳንግላ ገቡ።

ሐኪሙ ህንዳዊ ነበሩ። እሳቸው በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ቁስል አጣቢው ድሬሰር በዛብህ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ ማናለብሽ ደግሞ ወደ አገውኛ። አንድ ቃል በሦስት አፍ አልፎ ነው በሽተኛው ጆሮ የሚደርሰው። ሐኪሙ ቁስሉን አገላብጠው አዩና ለበዛብህ ጥቂት ነገር ተናገሩ። በዛብህም ወደ ማናለብሽ ዞሮ፣ "እግርዎ ካልተቆረጠ ይሞታሉ በያቸው" አላት።

ማናለብሽ ክው አለች። ባገሯ ለሰው ስለ ራሱ ሞት ቀርቶ፣ ሩቅ ስላለ ዘመዱ መርዶ የሚነገረው እንኳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ቃሉ ተመርጦ ነው። እሷ፣ ገና በልጅነት ዕድሜ ያለች ሴት፣ እጇ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ፣ ያባቷን እኩያ "ይሞታሉ" ልትል ነው?

"አያ፣" አለች በአገውኛ፣ "ሐኪሙ ቁስሉ ክፉ ነው፣ በደንብ መጽዳት አለበት ይላሉ።"

አዛውንቱ ሐኪሙን አዩ፣ በዛብህን አዩ፣ መጨረሻ እሷን አዩ።

"ልጄ፣" አሏት፣ "የምትነግሪኝና የሰውዬው ፊት አልተገናኙልኝም።"

ማናለብሽ አፈረች። መዋሸቱንም አልፈለገችም፣ እውነቱንም እንዲያ ባዶውን ማስቀመጥ አልቻለችም። "ልክ ነዎት አያ። ቃሉ ከባድ ነው፤ ብቻዎን ሳሉ ልነግርዎ አልደፈርሁም። የነፍስ አባትዎ ማን ናቸው?" አለቻቸው።

አያ አድማሴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የነፍስ አባት ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። "ቄስ አበረ ናቸው። እንግዲያው ይምጡልኝ" አሉ።

በዛብህ "ምን ተባባላችሁ?" አለ ግራ ገብቶት። ማናለብሽ ሁሉንም ነገረችው። እሱ ነገር በቁርጥ የሚናገር ልጅ ነው፤ ግን ክፉ አልነበረም። እሱም የጎጃም ገጠር ልጅ ነውና አንገቱን ደፋ። "እውነትሽን ነው፤ ያባቴን ቤት ረስቼው ነው እንጂ" አለና ለሐኪሙ አስረዳ።

ሐኪሙ በትዕግሥት ሰሙት። ከዚያም እንዲህ አሉ፤ "በኔም አገር ቢሆን አስቀድሞ የሚነገረው ለቤተ ሰብ ነው። ግን ይኸ እግር አይጠብቀንም። እስከ ነገ ጠዋት ልቆይላቸው እችላለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም።"

ነጋ ይህን እንደሰማ ወደ እንጅባራ የሚሄድ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ። ማናለብሽ ያን ቀን ሥራዋን ቶሎ ቶሎ ጨርሳ ካያ አድማሴ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። ስለ እግራቸው አንድም ቃል አላነሱም። "የማን ልጅ ነሽ?" ብለው ጠየቋት፤ "የእንየው" አለቻቸው። አባቷን በገበያ ያውቋቸው ኖሮ ፊታቸው በራ። ስለ አዘና ገብስ፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ቡላው ፈረሳቸው አጫወቷት። "ወድቆብኝ ሲነሳ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ብታዪ! እሱን ማንም እንዳይመታው አደራ ብዬ ነው የመጣሁት" አሏት።

በማግስቱ ጠዋት ቄስ አበረ አቧራ ለብሰው፣ መስቀላቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ከነጋ ጋር ደረሱ። አያ አድማሴ ሲያዩዋቸው ቀና ለማለት ሞከሩ። ማናለብሽ ንስሐ ነውና ወጣች፤ በዛብህም በሌሎች በሽተኞች አልጋ መሃል በገመድ አንሶላ ዘርግቶ ከለለላቸው። ማንም ያዘዘው የለም፤ ከራሱ አንቅቶ ነው ያደረገው።

ኋላ ቄሱ መጋረጃውን ገልጠው፣ "ልጄ፣ አሁን ንገሪው። እኔም ልጁም አለን" አሏት። ማናለብሽ ያልጋውን ጠርዝ ይዛ ተንበረከከች።

"አያ አድማሴ፣ እግርዎ ሞቷል" አለች በአገውኛ። "እርስዎ ግን በሕይወት አሉ። የሞተው ካልተለየ ሕያውንም ይዞ ይሄዳል ይላሉ ሐኪሙ። ቆርጠው ሊለዩት ነው የሚፈልጉት። እርስዎ ካልፈቀዱ ማንም አይነካዎትም።"

"ከየት ላይ ነው?"

በራሷ እግር ላይ፣ ከጉልበቷ ከፍ አድርጋ በእጇ አሳየቻቸው። ነጋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አዛውንቱ የጠየቁት ነገር ማንም ያላሰበው ነበር። "የሚቆረጠውስ? የት ነው የሚጣለው? የተጠመቀ ሥጋ ነው። ውሻ ሲጎትተው ልደር? በትንሣኤ ቀንስ ግማሽ ሰው ሆኜ ልቁም?"

ማናለብሽ ጥያቄውን እንዳለ፣ ምንም ሳታጎድል ለበዛብህ ነገረችው። በዛብህ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ እስካሁን የተቆረጠ አካል ሁሉ ከጓሮ ካለው ጉድጓድ እንደሚገባ ያውቃል። ሐኪሙም ያውቃሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ "ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አሉ። "በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ በገዛ እጄ ለቄሱ አስረክባለሁ። እንደ ሥርዓታችሁ አድርጉት። ሌላ የሚያሳስባቸው ነገር ካለ ጠይቂያቸው።"

ሌላው የጠበል ነገር ነበር። ቄሱ ጠበል በቅል ይዘው መጥተዋል፤ ሐኪሙ ደግሞ ቀዶ ጥገና ሳይደረግ ምንም እንዳይጠጡ፣ ቁስሉም እንዳይነካ ይላሉ። ማናለብሽ በሁለቱ መሃል ስትመላለስ ቆየች። ቄስ አበረም፣ "ጠበሉ ግንባሩን ቢያገኘው ይበቃል፤ የእግዚአብሔርን መንገድ እኛ አናጠብበውም" ብለው ረጩላቸው። ሐኪሙ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ።

"እንግዲህ ይሁን" አሉ አያ አድማሴ። "ባውቀው ነው የሚሻለኝ። አሁን ዐወቅሁት።"

ሐኪሙ በሽተኛው በመድኃኒቱ እስኪተኙ ድረስ በቋንቋቸው የሚያናግራቸው ሰው እንዲኖር ስለፈለጉ ማናለብሽም አብራ ገባች። የአዛውንቱን ሻካራ እጅ ይዛ አቡነ ዘበሰማያት አብራቸው ደገመች። እሳቸው ከመሃል ላይ አንደበታቸው ተሳሰረ፤ እሷ እስከ ፍጻሜው ብቻዋን ደገመችው። ከዚያ ወጥታ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች ለራሷም አልገባትም።

ሐኪሙ ቃላቸውን ጠበቁ። በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጥተው ለቄስ አበረ አስረከቡ፤ ሲያስረክቡም ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ነጋና ቄሱ በአቅራቢያው ካለው ቤተ ክርስቲያን አጸድ ወስደው ቀበሩት።

አያ አድማሴ ሲነቁ መጀመሪያ ያዩት ማናለብሽን ነው።

"እግሬስ?" አሉ በደከመ ድምፅ።

"ከቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው አያ። ነጋ ራሱ ነው የቆፈረው፤ ቄስ አበረ ጸልየውበታል።"

"ተመስገን" አሉ።

ሰውነታቸው እንዲጠገን ወተትና እንቁላል ሲታዘዝ ደግሞ እንቢ አሉ። "በሁዳዴ? ዐውቄ መጾም ከጀመርሁ ወዲህ በጾም አፌን ነክቶት አያውቅም።" ቄስ አበረ ገና ወደ አገራቸው አልተመለሱም ነበርና ኩባያውን ከበዛብህ እጅ ተቀበሉ። "ጾም ለታመመ አልተሠራም። ፈትቼሃለሁ። ባትጠጣ ነው ከኔ ጋር የምትጣላው" ብለው እሳቸው ራሳቸው አጠጧቸው። አያ አድማሴ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ ጠጡ። ጠጥተው ሲያበቁ ግን፣ "የላሚቱ ወተት ውኃ በዝቶበታል፤ ዳንግላዎች ታታልላላችሁ" ሲሉ ክፍሉ በሙሉ በሣቅ ተሞላ።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤቱ ውስጥ አንዳንድ ነገር ተለወጠ። በዛብህ አዲስ በሽተኛ ሲመጣ ካልጋው ሳያስተኛ በፊት፣ "በምን ቋንቋ ላነጋግርዎ? የነፍስ አባትዎን ላስጠራ?" እያለ ይጠይቅ ጀመር። አገውኛም ከማናለብሽ መማር ያዘ። አንደበቱ ግን አልታዘዝ ብሎት "ይዋጡት" ሊል "ይዋጡን" ስለሚል፣ በሽተኞቹ ቁስላቸውን ይዘው ይስቁበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ማናለብሽ ያኔ ወይዘሮ ስሜነሽን ታስባቸዋለች፤ እንዲያ እየሳቁ ባያስተምሯት ኖሮ የማንን ቃል ለማን ታደርስ ነበር?

አንሶላ ማጠቡን ኋላ ለሌላ ሰው ሰጥተው እሷን ለዚሁ ሥራ ብቻ አደረጓት። የሴት ሕመም ያለባቸው፣ በወንድ ፊት አፋቸውን መክፈት የሚያፍሩ እናቶች ጆሮዋ ላይ ብቻ የሚያንሾካሹኩት ነገር ብዙ ነበር። የሰማችውን ለሐኪም ከማድረስ በቀር ከማንም ጋር አውርታው አታውቅም፤ ለባሏ ለስማቸውም ቢሆን። ያዳነቻቸው እሷ እንዳልሆነች ታውቃለች። አንዳንዶቹም አልዳኑም። እነዚያም ቢሆኑ ግን የሚሆነውን ዐውቀው፣ ቆርበውና ልጆቻቸውን መርቀው ነው የሄዱት።

በሁለተኛው ዓመት መስቀል እንዳለፈ ከሐኪም ቤቱ በር ፈረስ ቆመ። ማናለብሽ ስትወጣ አያ አድማሴ በቡላው ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጋ በሌላ ፈረስ አጅቧቸዋል። ግራ እግራቸው ስለሌለ ቡላውን በቀኝ በኩል ሲወጡበት መቆም አስለምደውት ኖሯል። "መጀመሪያ እንቢ ብሎ ሁለት ጊዜ ጣለኝ። ኋላ ገባው" አሏት እየሳቁ። ሚስታቸው ደጊቱ የላኩትን የማር ቅልም ሰጧት።

"ሐኪሙስ? ላመሰግነው ነው የመጣሁ" አሉ።

"ሐኪሙ ወደ ሌላ አገር ተዛውረው ሄዱ አያ፤ ክረምቱ ሳይገባ።"

አያ አድማሴ ከፋቸው። ጥቂት አሰብ አድርገው፣ "በየትኛው መንገድ ነው የሄደው?" ብለው ጠየቁ። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ አሳየቻቸው። የፈረሱን አንገት ወደዚያ አዞሩና ባርኔጣቸውን አውልቀው በአገውኛ መረቁ። በዛብህ እስከዚያ ድረስ ብዙ ቃል ተምሮ ስለነበር አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ ከማናለብሽ ጎን ቆሞ አብሯት "አሜን፣ አሜን" ይል ነበር። "የሚሰማህ ሰው አይጥፋ" አሉ አያ አድማሴ፤ "በሄድህበት አገር ስትታመም፣ በናትህ ቋንቋ አይዞህ የሚልህ አይጥፋ።"