ምን አጥፍቼ ነው የሚምረኝ?

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር። ትሞታለች አላለንም፤ «ቤቷ ውሰዷትና የወደደችውን ስጧት» አለን። ባለቤቴ ይህን እንደ መልካም ዜና ቆጥሮ ፊቱ ፈካ ብሎ ወጣ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩ ስለሆንኩ ትርጉሙ የሆስፒታሉን ደረጃ ሳንወርድ ገባኝ። የትምህርት ጥቅሙ ይህ ነው።

ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነበር። በሽታዋ የልብ ነው፤ ስትጋደም ትንፋሽ ስለሚያጥራት በትራስ ተደግፋ ትውላለች። ጎረቤታችን የክሊኒክ ነርስ ነበረች። «ማዳን አንችልም፤ እንዳትጨነቅ ማድረግ ግን እንችላለን» ብላ ማስታገሻውን እንዴት እንደምሰጣት አሳየችኝ። ቤታችን አቃቂ፣ ሐዲዱ ሥር ስለነበር ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ሁሉ ይንጫጫል። ልጄ በዚህ ተማርራ አታውቅም። ያማረራት ጠያቂ ነው።

ጠያቂ ከሳሪስ ሳይቀር ይመጣል። ብርቱካን ይዘው ይገባሉ፣ ግድግዳውን ይዘው ይደረደራሉ፣ «እግዜር ይማርሽ» ይላሉ፣ ከዚያ ከንፈር ይመጥጣሉ። ከንፈር መምጠጥ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ልጄ በሳምንቱ ገመድ ትዘል ነበር። ብርቱካኑንም እሷ መዋጥ ስላቃታት፣ እንዳይበላሽ ብለው ልጠው ይበሉልናል። ደጎች ነበሩ።

አንድ ቀን ጠያቂዎቹ ሲወጡ፣ «እማዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።

«ማን አጠፋሽ አለሽ?»

«ሁሉም ይማርሽ ይሉኛል። ካላጠፋሁ ምኑን ነው የሚምረኝ?»

«ይፈውስሽ ማለታቸው ነው።»

«ታዲያ ለምን ይፈውስሽ አይሉም?»

በሰዋስው ጎበዝ ነበርኩ። ተነሥቼ ትራሷን አስተካከልኩላት።

በማግስቱ የባለቤቴ ታላቅ እህት መጡ። እሳቸው የሚመጡት ወስነው ነው። ልጅቷ በባቡር ሩቅ አገር ጠበል ትወሰዳለች አሉ።

«እትዬ፣ መንገዱን አትችለውም» አልኳቸው። «ትንፋሿ ያጥራል ብላለች ነርሷ። ጠበሉን በጠርሙስ ያምጡልን።»

«አንቺማ ተስፋ ቆርጠሻል። እናት እንዲህ ትሆናለች?»

ባለቤቴን አየሁት። የባቡር ሠራተኛ ስለሆነ በነፃ ይሳፈራል፤ በነፃ የሚሳፈር ሰው ደግሞ መንገድ አይከብደውም። አቀርቅሮ ጣቱን ያፍተለትላል። ልጄ የቀሯትን ቀናት በፉርጎ ስትንገጫገጭ ልትጨርሳቸው የቀረው የሱ አንድ «እሺ» ብቻ ነበር።

እትዬ ነገሩ አልቋል ብለው ተነሡና ልጅቷን ግንባሯን ሳሟት። «በይ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይማርሽ።»

«እርስዎንም ይማርዎት እትዬ» አለች ልጄ፣ ረጋ ብላ። «እኔ ባቡሩን ከዚህ ሆኜ ማየት ነው የምወደው። ስሳፈር ያመኛል።»

ያን ቀን ከንፈር የመጠጠ አልነበረም። ባለቤቴ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አልቻለም፤ ሳቁ ወዲያው ሌላ ነገር ሆነበትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደዚያው እንደዞረ፣ «አትሄድም» አለ።

ከዚያ ወዲያ በር ላይ ቆሜ ሕግ አወጣሁ፤ ይማርሽ የሚል ከደጅ ይመለስ፣ ወሬ ያለው ይግባ። ሰፈሩ አብዳለች አለኝ። ሆኖም ወሬ የሌለው ሰው አቃቂ ውስጥ ስላልተገኘ የተመለሰ የለም። ልጄ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ዶሮ የማንን ጎመን እንደጨረሰ ከኔ በላይ አወቀች። እትዬም አንድ ሳምንት አኩርፈው ከርመው መጡ። ወሬ ሲያወሩ የሚደርስባቸው አልነበረም፤ እስከዚያ ድረስ አፋቸውን በምክር አባክነውት ኖረዋል።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ በመስኮቱ ወደ ጣቢያው እየጠቆሙ የአንድ መንገደኛ ነገር ያወሩ ነበር። ጫማውን አውልቆ ሲያንቀላፋ ቆይቶ ሸንኮራ ሊገዛ በባዶ እግሩ ይወርዳል፤ ባቡሩ ጫማውን ይዞበት ይሄዳል። ልጄ ክንዴን ተደግፋ እየሰማች ፈገግ አለች። ከዚያ ክንዴ ላይ ከበደችኝ። ትንፋሿን ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

እትዬ ፊታቸው ወደ መስኮቱ ስለነበር አላዩም። በወሬያቸው ሰውዬው አሁን ሐዲዱን ይዞ እየሮጠ ነው። እኔም እስኪጨርሱ አላቋረጥኳቸውም።